የቡልጋሪያው ሰውዬ ወረቀት

ሲያትል መጀመሪያ የኖርንበት ሕንፃ ባለ ሦስት ፎቅ ነበር። የእኛ ቤት ምድር ላይ፣ ከዋናው በር ሲገቡ በስተቀኝ የመጀመሪያው ነው። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ማን የሰው ጋዜጣ አንስቶ እንደሄደ የማውቀው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ልጄ እንደምትለው ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተለጥፌ ስለምውል አይደለም። ጊዜው በፈረንጆች ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ልጄ ሆስፒታል ታጸዳለች፣ የሰባት ዓመት የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ትውላለች፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን በብርዱ ወራት ዋናው በር ላይ የድመት ፎቶግራፍ ተለጥፎ አየሁ። የልጅ ልጄን "ምን ይላል?" ብዬ ጠየቅኳት። በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። ስቆጣት ጊዜ "ድመቷ ጠፍታለች፣ ያያት ሰው ኮል ያድርግ ነው የሚለው" አለች። ለድመት ይህን ያህል መድከማቸው ገረመኝ፤ ግን ክፋት የለውም ብዬ ተውኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ከድመቷ ጎን የሰው ፎቶግራፍ ተለጠፈ። ጢሙ ወፍራም የሆነ፣ ከረባት ያሰረ ሽበታም ሰውዬ ነው። ዙሪያውን ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። የልጅ ልጄ ከታች ያለውን ጽሑፍ አየችና "ይሄ እንግሊዝኛ አይደለም" ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች። እኔ ግን ማንበብ አላስፈለገኝም። ድመት ስትጠፋ ፎቶግራፏ ይለጠፋል፤ ሰውም ሲጠፋ ይለጠፋል። ፊቱን በደንብ አጠናሁት። ገበያ ስሄድም ሆነ አውቶቡስ ስጠብቅ ሽበታም ባየሁ ቁጥር ጢሙን እመለከት ጀመር።

በማግስቱ ወረቀቱ የለም። ተገኘ ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ። በሦስተኛው ቀን እንደገና ተለጠፈ፣ በአራተኛው ተነሳ፣ በአምስተኛው ተለጠፈ። ሰውዬው መጥፋት ልማዱ ነው ማለት ነው። ለቤተሰቡ አዘንኩ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም ተናደድኩባቸው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት የሚለጥፈውን ሰው አገኘሁት። ጥቁር ሻርፕ ያሰረች፣ አጠር ደልደል ያለች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ከእኛ ሥር ባለው ምድር ቤት፣ ኮሪደሩ መጨረሻ እንደምትኖር አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አንሶላዬን በአንድ ወገን ይዛ አብራኝ አጥፋለች፣ ከዚያ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል፣ ግን ብዙም አይሻልም።

"ባልሽ ነው?" አልኳት ፎቶግራፉን እያሳየኋት።

"ባሌ ነው።"

"እንግዲህ እጁን ያዢዋ። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጠፋ ሰው ብቻውን አይለቀቅም። ኪሱ ውስጥ አድራሻ ጽፈሽ ክተቺለት።"

አልገባትም። እንድትረዳኝ ብዬ ድመቷን አሳየኋት። ድመቷን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ያለቀሰች መስሎኝ ጎንበስ ስል እየሳቀች ነው። ሳቋ ሳያልቅ ደግሞ አለቀሰች።

"አልጠፋም" አለችኝ በመጨረሻ። "ሞቷል።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እሷም በዚያችው በተሰባበረች እንግሊዝኛ ነገረችኝ። አገሯ ቡልጋሪያ ነው። እዚያ ሰው ሲሞት ፎቶግራፉና ስሙ ያለበት ወረቀት ይታተማል፤ ቤቱ በር ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ፣ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። መንገደኛ ቆሞ ያነባል፣ ያማትባል፣ ይሄዳል። በአርባው ሌላ ወረቀት ይወጣል፣ በግማሽ ዓመቱ ሌላ፣ ከዚያም በየዓመቱ። መንገድ ላይ ስትሄጂ በሕይወት ካሉት እኩል የሞቱትም ያዩሻል አለችኝ። ወረቀት ያልተለጠፈለት ሰው ግን ሳይነገርለት የሄደ ሰው ነው።

ባሏ ኤቨረት ባለ የአውሮፕላን ፋብሪካ ብረት ይሞርድ ነበር። በጣሊያን ስደተኛ ጣቢያ በኩል ሲያትል ከገቡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ልብሱን እንደለበሰ ወንበር ላይ ነው የሞተው። አንድ ልጃቸው አገሩ ቀርቷል፤ የአገሩ መንግሥት እንኳን ሊለቀው፣ ስለ እነሱ በጠየቀ ቁጥር እየጠራ ይመረምረዋል። "ልጄ በስልክ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀኝ" አለች። "የአባቴ ወረቀት ተለጠፈ ወይ? ነው የሚለኝ። በር ላይ እንዳለ ፎቶ አንስቼ ልልክለት እፈልጋለሁ። እኔ ስለጥፍ ግን አንድ ሰው ይቀደዋል።"

የራሴን ስህተት ወዲያው ረሳሁት። ድመቷ ከተለጠፈች ሁለት ሳምንት ሊሞላት ነው፣ ማንም ጫፏን አልነካም። ሰውዬው አንድ ቀን አላደረም። ይሄ ልክ አይደለም።

የሚቀደው የሕንፃው ማናጀር ነው። ረጅም ሰው ነው፤ ቁልፎቹን ወገቡ ላይ ያንጠለጥላል። ክፉ አይደለም፣ ግን ሕግ ከሰው ይቀድምበታል። ልጄን ከሥራ እንደተመለሰች ጫማዋን ሳታወልቅ ይዣት ሄድኩ።

"ለምን እንደሚቀድ ይንገረን በይው። ድመት ተለጥፋ ሰው የሚቀደድበትን ምክንያት ያስረዳን በይው።"

ልጄ ተናገረች። እኔ ካልኩት በጣም ረዘመ፣ በጣምም ለሰለሰ።

"'ፕሊስ' ያልኩት የቱ ጋ ነው?" አልኳት።

"እማዬ፣ እዚህ አገር እንዲህ ነው የሚባለው።"

"ሦስት ጊዜ ነው ያልሽው። ቆጥሬያለሁ።"

ማናጀሩ የመለሰው ይህን ነው፦ ቤት ሊከራዩ የሚመጡ ሰዎች በሩ ላይ የሞተ ሰው ሲያዩ ይደነግጣሉ፣ ሁለት ተከራዮችም ቅሬታ አቅርበዋል፣ ዋናው በር ለሽያጭና ለሥራ ማስታወቂያ፣ ለጠፋ ነገርም ብቻ ነው።

"ድመቷ ከሰው በምን ትበልጣለች በይው።"

"ድመቷ ልትገኝ ትችላለች" አለ።

ልጄ እጄን ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ። በማግስቱ ጠዋት ግን ወጣሁና በሩ ላይ ያለውን ሁሉ አነሳሁ። ድመቷን፣ የሚሸጠውን ሶፋ፣ ጊታር አስተምራለሁ የሚለውን፣ ሁሉንም። ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለትና ባለችኝ እንግሊዝኛ "አሁን እኩል" አልኩት።

እርካታዬ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። በራችን ተንኳኳ። ከላይ ፎቅ የምትኖረው ቀጭን ተማሪ ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ የድመቷን ወረቀት ይዛለች። ያለችው ሁሉ አልገባኝም፣ አንዱ ግን ገባኝ። ድመቴ ምን አደረገችሽ? ነው ያለችኝ።

ምንም አላደረገችኝም። ልጅቷም ምንም አላደረገችኝም። አንዱ ሲበደል ሌላውን እዚያው ላይ ጨምሬ በድዬ እኩል አደረግሁ ብያለሁ። ትልቅ ሴት እንዲህ ያለ ነገር ስትሠራ ያሳፍራል። ፕላስተር ይዤ ወጣሁና ድመቷን ራሴ በአራቱም ማዕዘን አስተካክዬ ለጠፍኳት፤ የሶፋውንና የጊታሩንም እንዲሁ። ልጄ ስትመጣ ወደ ልጅቷ ቤት ይዣት ወጣሁ። "ይቅርታ በያት" አልኩ። "አሁን 'ፕሊስ' የፈለግሽውን ያህል ጨምሪበት።"

የሰውዬው ጉዳይ ግን እንዳለ ነው። ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ የቤታችንን በር አየሁት። ከዋናው በር የሚገባ ሁሉ በእሱ ፊት ነው የሚያልፈው። ልጄ የኪራይ ውሉን እንድታነብልኝ አዘዝኳት። እረፍቷ በሆነው ብቸኛ ቀን ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ እያጉረመረመች፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ። በር ላይ ሚስማር መምታት ክልክል ነው ይላል። ስለ ፕላስተር የሚል የለም።

ማናጀሩን ጠርቼ አሳየሁት። ውሉን አነበበ፣ በሩን አየ፣ ራሱን አከከ። ሦስተኛ ፎቅ አንድ በር ላይ የገና ጌጥ እስካሁን እንደተሰቀለ አስታወስኩት። ገና ካለፈ ስንት ጊዜው ነው።

"እስከ አርባው ብቻ" አለ።

"ግማሽ ዓመቱም አለ በይው" አልኳት ልጄን። እሷ ግን ይህን አልተረጎመችልኝም፤ "ታንክ ዩ" ብላ በሩን ዘጋች።

ለሴትየዋ ስነግራት እጄን ሳመችኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አልወድምና እጄን ነጠቅኳት። የመጀመሪያውን ወረቀት ያኔውኑ በራችን ላይ ለጠፍን፤ ፎቶው ግን በአርባው ዕለት ይነሳ አለች። የአርባው ወረቀት እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር፤ በዚያ ሦስት ሳምንት ቤቷ እየወረድኩ ስለ ቡልጋሪያ የማውቀውን ሁሉ አወቅሁ።

መጀመሪያ በር ላይ ጫማ ታስወልቃለች፤ ለእንግዳ የተዘጋጀ ነጠላ ጫማ አላት፣ በስድስት መጠን። እርጎ ራሷ ታደርጋለች። ወተቱን በጠርሙስ አድርጋ ማሞቂያው ላይ ታስቀምጥና በባሏ ካፖርት ትጠቀልለዋለች። እርጎን ለዓለም የሰጠው የእኛ አገር ነው ትላለች። የእኛ ላሞች ምን ሲሠሩ ኖሩ? ብያት ተከራክረን ሳንስማማ ቀርተናል። ሻይ ትፈልጊያለሽ? ስላት ራሷን ወዲያና ወዲህ ትነቀንቃለች፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሻይ ሳልሰጣት ከቤቴ ሸኝቻታለሁ። ለካ እነሱ እሺ የሚሉት እንዲያ ነው። ሲያማትቡም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ልጄ አምስት አበባ ገዝታ ብትሰጣት፣ አንዱን መዝዛ ብርጭቆ ውስጥ ለብቻው አደረገችና አራቱን በባሏ ፎቶግራፍ ፊት አቆመች። ጎዶሎ ቁጥር ለሕያው ነው፣ ሙሉ ቁጥር ለሞተ፤ እንዲህ ነው ሥርዓቱ።

ቋንቋቸው ደረቅ ይመስላል፤ የደረቀ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ድምፅ አለው። ግን ሲያወሩ መሐል ላይ ይለሰልሳል። "ዶብሬ" ማለት ደህና ማለት ነው፤ ሳትደሰትም ትለዋለች። "ሃይዴ" ለሁሉም ነገር ነው፤ እንሂድ ስትል፣ ቶሎ በይ ስትል፣ ስልክ ልትዘጋ ስትል፣ ሾርባው አልፈላ ሲላትም። ስታመሰግን "መርሲ" ስትለኝ ግን ደነገጥኩ፤ ይሄንንማ እኔም አውቀዋለሁ፣ አዲስ አበባ የተማሩ ሰዎች ይሉታል። የራሳቸው ምስጋና ረጅም ስለሆነ አጭሩን ከፈረንሳይ ወስደው ነው አለች።

ፊደላቸውን ያሳየችኝ ከባሏ ወረቀት ላይ ነው። አንዱ እንደ ጢንዚዛ እግሩን ዘርግቷል። አንዳንዶቹ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ዞረው የቆሙ ይመስላሉ። በግራ እጁ የሚጽፍ ሰው የፈጠረው ነው ወይ? አልኳት። "የእኛው ነው ቀጥ ያለው" አለች፤ "የዞሩት እነሱ ናቸው።" ፊደላቸው በዓል አለው። በግንቦት ወር ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው፣ አበባ ይዘው፣ ለፊደል ሰልፍ ይወጣሉ። ይሄን ወደድኩላቸው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዕድሜዬ ከአርባ ካለፈ በኋላ፣ ቀበሌ ውስጥ፣ ለሕፃናት በተሠራ አግዳሚ ላይ ተጣጥፌ ነው፤ ሰልፍ ቢወጣለት እንደማይበዛበት አውቃለሁ።

"እናንተስ ስንት ፊደል አላችሁ?" አለችኝ። የእነሱ ሠላሳ ነው።

"ሁለት መቶ ምናምን።"

"ምን በድላችሁ ነው?" አለች።

የአርባው ወረቀት ሲደርስ ከፎቶግራፉ በታች ባዶ ቦታ ትታ አመጣችልኝ። በሩ ያንቺ ነው፣ በፊት ለፊቱ የሚያልፉትም ያንቺ ሰዎች ናቸው፣ በፊደልሽ ጻፊበት አለችኝ። ምላሴን ነክሼ፣ ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ጻፍኩ፦ ነፍስ ይማር። አርባው እሁድ ነው። ረቡዕ ቀን በፊተኛው ምትክ በራችን ላይ ለጠፍነው።

ሐሙስ ዕለት እኔ ምድር ቤት እሷ ዘንድ ነበርኩ። ያን ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ማውንትሌክ ቴራስ የምትኖር አንዲት የአገራችን ልጅ ሽሮ ልታደርስልኝ መጥታ ኖሯል። አንኳኳች፣ የከፈተላት የለም። በሩን አየች፣ አነበበች፣ ሽሮውን እንደያዘች ተመልሳ ሄደች። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት እሁድ ነው።

እሁድ ከሰዓት ሴትየዋ የተቀቀለ ስንዴ በትሪ ይዛ ወደ እኛ ቤት ወጣች፤ የእሷ ቤት ጠባብ ነው። ስንዴው ላይ ስኳርና የተፈጨ ለውዝ ነስንሳ መሐሉ ላይ ጧፍ ተክላለች። አራት ሆነን ልንቀምስ ነበር፤ እሷ፣ እኔ፣ ልጄና የልጅ ልጄ። ለልጇ የምትልከውን ፎቶ ልጄ ታነሳላታለች። ጧፉ ሳይለኮስ በሩ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ያቺ የማውንትሌክ ቴራሷ ናት፤ ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃለች። ከኋላዋ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነው፤ ድስት የያዘ፣ አገልግል የያዘ። ጾም ስለሆነ ምስር ምስር ይሸታል።

"ምነው እማማ፣ ምነው እኛን ሳይነግሩን?" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ባልመጣ አልሰማም ነበር? ሶ ለሁሉም ኮል አደረግሁ።"

ተከታትለው ገቡ፣ ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ፣ የሚያለቅሰው አለቀሰ። አንዲቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "የልጅዎ ባል ነው?" አለችኝ።

ልጄ ሰማች። "የማን ባል?"

"አይዞሽ እህቴ፣ ፈረንጅ ማግባት ምን ነውር አለው? ዕድሜው ትንሽ ገፋ ያለ ነው እንጂ መልከ መልካም ነበር።"

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ ተጨነቅሁ። ሴትየዋን አየኋት፤ ትሪዋን ይዛ መሐል ቤት ቆማለች፣ ለባሏ ይህን ያህል ሰው ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ዝም ብል ማንም አያውቅም። እውነቱን ብናገር ተነስተው ሊሄዱ ይችላሉ፣ እሷም እያየች። ግን ሰውን በማያውቀው ነገር ማስለቀስ ማታለል ነው። በሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ቢያደርገው ስንት ቀን የምወቅሰው ነገር ነው።

"ስሙኝ" አልኩ። "የእኛ ዘመድ አይደለም። የቡልጋሪያ ሰው ነው። ባለቤቱ እሷ ናት። አልቃሽ የላትም፣ ልጇም መምጣት አይችልም። እኔም በሕይወቱ አላየሁትም። መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ አልቀየምም።"

ከዚያ የማውንትሌክ ቴራሷ ተነሳችና ትሪውን ከሴትየዋ እጅ ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ አኖረች፣ አቅፋትም እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ አለቀሰች። ሌሎቹም ተራ በተራ ተነስተው ሳሟት። አንድም ሰው አልሄደም። ከቡሪየን የመጣው፣ አየር ማረፊያ ሻንጣ የሚጭነው ጴንጤ ዘመዴ ብቻ "እማማ፣ እኛ ተዝካር አናወጣም" አለ።

"መቀመጥስ ትችላላችሁ?"

"መቀመጥ እንችላለን" አለና ተቀመጠ።

ሴትየዋ ጧፉን ለኮሰችና ስንዴውን በሲኒ በሲኒ እየሰፈረች አደለች። ለእያንዳንዱ ሰው ስትሰጥ "ቦግ ዳ ፕሮስቲ" ትላለች።

"ንፍሮ እኮ ነው" አለ አንዱ። ቀመሰና ቀና አለ። "ስኳር ማን ጨመረበት?"

"ዝም ብለህ ብላ" አለችው ሚስቱ።

ሴትየዋን ያ የምትለው ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው ማለት ነው አለች። እኛም እኮ በሩ ላይ የጻፍንልህ እሱን ነው አልኩት በሆዴ ሰውዬውን። ለሰዎቹ ስነግራቸው ቤቱ በአንድ ድምፅ "ነፍስ ይማር" አለ። ደግማችሁ በሉት ብላ አስደገመቻቸው።

ፎቶው የተነሳው ኮሪደር ላይ ነው። ወረቀቱ ያለበት በር በመሐል፣ ሰው በግራና በቀኝ። ድመቷ የጠፋችባት ተማሪም ከላይ ወርዳ ዳር ላይ ቆመች። ማናጀሩ ጫጫታ ሰምቶ መጣ። ሴትየዋ ሳትጠይቀው ሲኒ አስያዘችው። ቤት አልገባም፤ እዚያው ቆሞ በላ፣ ሲኒውን አሟጦ መለሰ፣ ቁልፎቹን እያንቀጨለጨለ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ለልጇ ደብዳቤ ልትጽፍ ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጠች። እዚያ ደብዳቤ ተከፍቶ እንደሚነበብ ስለምታውቅ ቃል እየመረጠች ነው የምትጽፈው። ስንት ሰው መጣ ብሎ ይጠይቀኛልና ሃምሳ ልበል አለችኝ።

"ሃያ ስድስት ነው።"

"ሃምሳ ብል ማን ይቆጥራል?"

"እኔ ቆጥሬያለሁ። ሃያ ስድስት።"

"አንቺ ድንጋይ ነሽ" አለች። "ፋብሪካው ውስጥ እንኳን ሃምሳ ሰው ያውቀው ነበር።"

"እነሱ አልመጡም። የመጡት ሃያ ስድስት ናቸው፣ የመጡትን ጻፊ። ልጅሽ የመጡትን ነው የሚጠይቅሽ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትንሽ አኮረፈች። ከዚያ "ማናጀሩስ?" አለች።

እሱን አልቆጠርኩትም ነበር። አሰብኩበት።

"ቤት አልገባም" አልኩ።

"በልቷል።"

ይሄ እውነት ነው። በሲኒው አንዲት ፍሬ አልቀረችም።

"ከበላ ይቆጠራል" አልኳት፤ ሃያ ሰባት ብላ ጻፈች።